በአንዲት ተምች ሥጋ ውስጥ ስላለው ጦርነት የተደረገ ምልልስ

በሐምሌ ወር በአንዱ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ዝናቡም ጋብ ባለበት ሰዓት፣ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝንና ዳዊት ያስደገሙኝን መምህሬን ልጠይቅ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ቢሆንም ዓይናቸው ገና አልፈዘዘም፤ የጓሮ በቆሏቸውንም እስከ ዛሬ ድረስ ራሳቸው ይኰተኵታሉ። ከመደቡ ላይ፣ ከመጻሕፍቱ አጠገብ፣ ክዳኑን በወስፌ የበሱት አንድ የማርማላታ ጠርሙስ አስቀምጠው ነበር፤ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ እርሱን አንሥተው አሳዩኝና የሚከተለው ጭውውት ከዚያ ተጀመረ።

የኔታ፦ አንተ የእርሻ ትምህርት ተምረሃልና ይህን ነገር ትፈታልኛለህ ብዬ ስጠብቅህ ሰነበትሁ። ይህን ተምች ከበቆሎዬ እምብርት ውስጥ፣ ሰጋቱራ የመሰለ ኵሱን አይቼ፣ በእጄ ለቅሜ ያወጣሁት ነው። ሌሎቹን ስገድል ይህን ግን ግንባሩን አይቼ ተውሁት፤ «ሰ» ፊደል የተጻፈበት ይመስላልና። የእሳት እራት እስኪሆን ድረስ ቅጠል እየሰጠሁ ልየው ብዬ በዚህ ጠርሙስ አኖርሁት። ትናንት ጠዋት ግን ሌላ ነጭ ትል ጎኑን ቀድዶ ወጣና ወዲያው በአጠገቡ የሩዝ ፍሬ የሚያህል የሐር ጎጆ ፈትሎ ገባበት። ተምቹም አልሞተም፤ ቀርበህ እይ፣ እግሩን ያንቀሳቅሳል፤ ነገር ግን መብላቱን ትቷል። ከዚህ ፍጥረት ሆድ እንዲህ ያለ ባዕድ ልጅ እንዴት ይወጣል?

እኔ፦ እርስዎ በ«ሰ» ያወቁትን እኛም የምንለየው በዚያው ምልክት ነው፤ በጅራቱ በኩል ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች አሉት። ይህ የአሜሪካ መጤ ተምች የምንለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ታየ፣ በዓመቱም ወደ እኛ ዘለቀ። ከጎኑ የወጣው ግን የእርሱ ልጅ አይደለም፤ የተርብ ልጅ ነው። እናቲቱ ቁንጫን የምታህል ጥቁር ተርብ ናት፤ ተምቹ ገና ትንሽ ሳለ በጅራቷ ባለው ቀጭን መርፌ ወግታ እንቁላሏን በሥጋው ውስጥ ታኖራለች፤ እንቁላሉ ተፈልፍሎ የወጣው ትል የተምቹን ደምና ስብ እየተመገበ፣ ነፍሱ ያለችባቸውን ብልቶች ግን እስከ ፍጻሜው ድረስ እየራቀ፣ በውስጡ ያድጋል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 በሐዋሳ፣ በጅማና በአዋሽ መልካሳ ካሉ የበቆሎ ማሳዎች ተምች እየሰበሰቡ ሲያሳድጉ፣ ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለችው ተርብ ልጅ የተገኘባቸው ተምቾች ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ ደርሰው ነበር። ማንም ሳያመጣት፣ ማንም ሳያዝዛት፣ መጤውን ጠላት ባንድ ዓመት ውስጥ አውቃ ተከተለችው፤ እኔ በሙያዬ ካየሁት ሁሉ ይህን ያህል ያስደነቀኝ ጥቂት ነው።

የኔታ፦ እንግዲያስ እኔ ጠላቴ ነው ብዬ የያዝሁት፣ ለሌላው ማኅፀንም ማዕድም ሆኖ ኖሯል። ግን አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ኢዩኤል ነቢይ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከቈጠራቸው የእህል አጥፊዎች ፊተኛው ስሙ ተምች ነው፤ እኔም ቆሎ ተማሪ ሳለሁ በነበርሁበት ሀገር ተምች ወርዶ፣ ከብቱ የሚግጠው ሣር፣ ሰው የሚበላው ጤፍ ባንድ ሱባዔ ጠፋ። ካህናቱ ምሕላ ያዙ፤ ሕዝቡ ድንጋይ ተሸክሞ እግዚኦ አለ። ከዚያም ዝናቡ በጸና ሰሞን ተምቹ ሁሉ ወደ ሣሩ ጫፍ እየወጣ፣ በኋላ እግሩ ተንጠልጥሎ፣ ራሱን ቁልቁል ደፍቶ፣ ጠቍሮና ቀልጦ ተገኘ፤ በጣት ሲነኩት ፈርጦ ይፈስስ ነበር። እኛ ምሕረት አልነው፤ እስከ ዛሬም ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

እኔ፦ ስሙን አልለውጥብዎትም፤ የተፈጸመበትን መንገድ ግን ልንገርዎ። ያ የጥንቱ የሀገራችን ተምች ዛሬ በጠርሙሱ ካለው ጋር የቅርብ ዘመድ ነው፤ የገደለውም ቫይረስ ነበር ለማለት የነገሩኝ ምልክቶች ሁሉ ያስደፍሩኛል። ይህ ቫይረስ በእጅጉ ረቂቅ ሲሆን ብዙ ሆኖ በአንዲት የፕሮቲን ቅንጣት ውስጥ፣ ዘር በፍሬ ውስጥ እንደሚኖር፣ ታሽጎ ይቀመጣል፤ በቅጠል ላይ ወድቆ ፀሐይ እስካላገኘው ድረስም ይታገሣል። ተምቹ ቅጠሉን ሲበላ አብሮ ይውጠዋል፤ የተምች አንጀት ደግሞ እንደ እኛ ሆድ የሚኮመጥጥ አይደለም፣ እንደ አመድ ውኃ ያለ ነው፤ ስለዚህ ማኅተሙ በዚያ ይሟሟና ቫይረሱ ተፈትቶ ወደ ሕዋሳቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ተምቹ እየበላ ይሄዳል፣ የሚበላው ግን ለቫይረሱ ነው። በመጨረሻ ቫይረሱ ራሱ በሚያሠራቸው አሟሚ ፕሮቲኖች ቆዳው ይቀልጣል፣ ፈሳሹም ከላይ ወደ ታች ቅጠሎች ይንጠባጠባል፣ ሌሎች ተምቾችም ይበሉታል። ወደ ሣሩ ጫፍ የሚያወጣው ለዚሁ ነው። በአሜሪካ የፔንሲልቫንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በአንድ የጫካ አባጨጓሬ ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ቫይረሱ ካሉት ዘረ መሎች አንዱን ብቻ ቢያስወግዱለት አባጨጓሬው ሽቅብ መውጣቱን ትቶ በታች እንደሚሞት እ.ኤ.አ. በ2011 አሳይተዋል።

የኔታ፦ ቆይ፣ አትቸኵል። ተርቢቱ ተምቹ ልጇ አድጎ እስኪወጣ ድረስ በሕይወት እንዲቈይ ትሻለች፤ ያኛው ደግሞ ፈጥኖ ሊያቀልጠው ይሻል። ሁለቱ ባንድ ተምች ቢገናኙሳ? አንዱ በውስጡ የተርብ ልጅ እያሳደገ ሳለ ያንን ቅጠል ቢበላ ቤቱ ለማን ይሆናል?

እኔ፦ እኔም ልነግርዎ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚፈርደው ቀኑ ነው። ተርቢቱ ጥቂት ቀናት ቀድማ ከሆነ ልጇ አድጎ ይወጣል፣ ቫይረሱም የሚያቀልጠው ባዶ ቤት ያገኛል፤ ቫይረሱ ቀድሞ ከሆነ ደግሞ ተምቹ ከነእንግዳው ይፈርሳል፣ የተርቧ ልጅም ባልታመመበት በሽታ ይሞታል። አንዳንድ ተርቦች መርፌያቸውን ከተከሉ በኋላ የታመመውን ለይተው እንቁላላቸውን ሳያኖሩ ይሄዳሉ፤ ሌሎች መለየት አይችሉም፤ አንዲት ተርብ የታመመውን የወጋችበትን መርፌ ይዛ ጤነኛውን ስትወጋ ደግሞ በሽታውን ራሷ ታሻግራለች። አስኮቫይረስ የሚባል ወገን አለ፣ በአፍ በኩል መግባት እጅግ የሚቸግረው፤ እርሱ ከተምች ወደ ተምች የሚሄደው ከሁሉ ይልቅ በተርብ መርፌ ነው። የእነርሱን ጠብ ጠብ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ አንዱ ለሌላው መንገዱ ነው።

የኔታ፦ ቀኑ ይፈርዳል ካልህ፣ ቫይረሱ ባይቀድም ዝም ብሎ ይሸነፋል ማለት ነው?

እኔ፦ አይደለም፤ የነገሩ ምሥጢር ያለው በዚህ ላይ ነው። በጃፓን የእህል ጠላት የሆነ ሚቲምና ሴፓራታ የሚባል ሌላ ተምች አለ፤ ኮቴሲያ ካሪያይ የምትባል ተርብ ደግሞ ብዙ እንቁላል ባንድ ጊዜ ትወጋበታለች፣ ልጆቿም በዐሥር ቀን ገደማ ተሰልፈው ይወጣሉ። በዚሁ ተምች ላይ የሚያድር፣ ከፈንጣጣ ቫይረስ ጋር የሩቅ ዝምድና ያለው ቫይረስም አለ። ሊቃውንቱ ያስተዋሉት፣ ቫይረሱ የተርቦቹን ልጆች ሳይዛቸው፣ ተምቹም ገና ሳይሞት፣ ልጆቹ ግን በውስጡ እንደሚሞቱ ነው። የታመመውን ተምች ደም ቀድተው ከውስጡ ቫይረሱን ቢለዩትም ያ ደም የተርቦቹን ልጆች ገደለ። በደሙ ውስጥ መርዝ እንዳለ ታወቀ፤ መርዙ ግን ምን እንደ ሆነ ሳይገለጥ ሃያ ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2021 የጃፓን፣ የካናዳና የስፔን ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም በቶኪዮ የግብርናና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ማዶካ ናካይ፣ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አስታወቁት። ቫይረሱ ተምቹን የሚያሠራው ፕሮቲን ነው፤ የተርቡን ልጅ ሕዋሳት ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያጠፉ ያዛቸዋል፣ የተምቹን ሕዋሳት ግን አይነካም። ስሙንም እንደ ሥራው ገዳየ ጥገኛ ቢሉት ይገባል። በሦስት ልዩ ልዩ የቫይረስ ወገኖች ውስጥ ተገኝቷል፤ ለአንዳንዱ ተርብ ገዳይ ነው፣ ለሌላው ተርብ ምንም አይደለም።

የኔታ፦ ይህ እጅግ ይከብዳል። ዓይን የሌለው፣ ነፍስ እንኳ አለው ወይም የለውም ተብሎ የሚያከራክር ፍጥረት፣ ባንድ ቤት ያደረውን ባላጋራ ለይቶ ይመታል፣ ቤቱን ግን አይነካም። ተርቢቱስ ባዶ እጇን ነው የምትገባው?

እኔ፦ ባዶ እጇን ብትገባማ ልጇ አንድ ቀን አያድርም ነበር። ተምች የዋህ አይደለም፤ ባዕድ እንቁላል በደሙ ውስጥ ካገኘ የደሙ ሕዋሳት እንደ ንብ መንጋ ከበውት፣ በላዩ ተነባብረው፣ አየር አሳጥተው ይገድሉታል። ስለዚህ ተርቢቱ ከእንቁላሏ ጋር ሌላ ነገር አብራ ትወጋለች። እ.ኤ.አ. በ1981 በዚሁ ሳይንስ መጽሔት ላይ እንደ ተገለጠው፣ ያ ነገር ቫይረስ ነው።

የኔታ፦ ቫይረስ? ጠላቷ አልነበረምን?

እኔ፦ ጠላቷ ያልነው ሌላ ነው፤ ይህ በማኅፀኗ አጠገብ የሚሠራ የራሷ ነው። ይህ ቫይረስ ወደ ተምቹ ሕዋሳት ገብቶ የመከላከያ ኃይሉን ያፈዝዘዋል፣ የደሙ ሕዋሳትም እንቁላሉን መክበብ ይሳናቸዋል፤ በተምቹ ውስጥ ግን አይራባም፣ ልጅም አይተውም። ዘሩ ያለው በተርቢቱ ዘረ መል ውስጥ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ እንደ ዓይኗና እንደ ክንፏ ይወረሳል። ዘሩ ሲቈጠርም መቶ ሚሊዮን ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በዚያ መዋዕል የእነዚህን ተርቦች ጥንታዊት እናት አንድ ቫይረስ ያዛት፣ ዘረ መሉም ከእርሷ ዘረ መል ተቀላቅሎ በዚያው ቀረ። ያ ቫይረስ ዛሬ የተምች አቅላጩ ቫይረስ የሩቅ ወንድም ሆኖ ይቈጠራል። የጥንት በሽታዋ የልጆቿ ዘበኛ ሆነ፤ በተምቹ ሆድ ውስጥ የሚዋጉትም የተለያዩ ወንድማማቾች ናቸው።

(የኔታ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረቡት፤ ነጩ ጎጆ በክዳኑ ቀዳዳ በገባው ብርሃን ላይ ጥርት ብሎ ታየ፣ ተምቹም በአጠገቡ እንደ ሞግዚት ተጋድሞ፣ የፊት እግሮቹን በየተራ ያነሣ ነበር።)

የኔታ፦ በምርኮ የገባ ባሪያ በሦስተኛው ትውልድ የቤቱ ልጅ ሆኖ፣ አያቶቹን ሊወጋ ሲሄድ በታሪክ አንብቤአለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ተርቢቱ የተምቹን መከላከያ ካፈዘዘች፣ ተምቹ ለሌላውም ጠላት ደካማ አይሆንባትም? የቤቱን ጠባቂ የገደለ ሌባ በሩን ለሌላ ሌባ ከፍቶ ይተዋል።

እኔ፦ የኔታ፣ ይህን ጥያቄ ሊቃውንቱ በቤተ ሙከራ ደክመው ነው የደረሱበት። በአሜሪካ በትንባሆ ቅጠል ላይ የሚኖር አንድ ትልቅ አረንጓዴ ትል አለ፤ ለአንድ የታወቀ አቅላጭ ቫይረስ በቀላሉ አይበገርም ነበር። በኮቴሲያ ተርብ ሲወጋ፣ ወይም የተርቢቱ ቫይረስ ብቻውን ሲሰጠው ግን፣ ያው በሽታ ይገድለዋል። እርስዎ እንዳሉት ሌባዋ በሩን ከፍታው ሄደች። ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያበቃም፤ ተገላቢጦሹም ተገኝቷል። አንዳንዴ ተምቹ ከተርቧ ጥቃት ይተርፋል፤ በተርቢቱ ቫይረስ የመጣ ዘረ መልም በተምቹ ዘር ውስጥ ተቀላቅሎ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ምርምር እንዲህ ያለ ውርስ ስፖዶፕቴራ ኤክሲጓ በሚባለው የተምች ዘመድ ውስጥ አግኝቶ፣ ይህ የተወረሰ ዘረ መል አቅላጩን ቫይረስ እንዳይራባ እንደሚያውክ በሕዋሳት ላይ አሳይቷል። የተርቢቱ ጦር ለተምቹ በሌላው ጠላት ላይ ጋሻ ሆነለት ማለት ነው።

የኔታ፦ ያኛውንስ፣ ቫይረሱ ተርብ የሚገድልበትን መርዝ?

እኔ፦ እርሱንም ወርሶታል። ገዳየ ጥገኛ ያልነው ፕሮቲን በአንዳንድ የእሳት እራቶች ዘረ መል ውስጥ፣ ያለ ምንም ቫይረስ፣ እንደ ራሳቸው ሀብት ተጽፎ ተገኝቷል፤ ልጆቻቸውንም ከተርብ ይጠብቃል። ከሁለቱ ጠላቶቹ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መሣሪያ ነጥቆ የቀረ ፍጥረት ነው እንግዲህ፣ እኛ በእጃችን ጨፍልቀን የምንጥለው።

የኔታ፦ እኔ ግን ጠላት የሚለውን ቃል እየፈራሁት ሄድሁ። ገና በመጀመሪያ ጠርሙሱን ሳሳይህ ይህ ቃል በአፌ ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ማን የማን ጠላት እንደ ሆነ ለመናገር ዓመተ ምሕረቱን መጠየቅ ሊያስፈልገኝ ነው። በመቶ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ በሽታ ዘበኛ፣ መርዝ ርስት፣ ጦር ጋሻ ከሆነ፣ ጠላትነት በባሕርይ የተጻፈ ሳይሆን በጊዜ የሚሰጥ ስም ነው ማለት ነው።

እኔ፦ ስለዚህ ነገር የተጨነቀ አንድ ታላቅ የተፈጥሮ ሊቅ ነበር። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1860 ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ለአሳ ግሬይ በላከው ደብዳቤ፣ ቸርና ሁሉን ቻይ አምላክ እነዚህን ተርቦች በሕያው አባጨጓሬ ሥጋ ውስጥ እንዲመገቡ አስቦ ፈጠራቸው ብሎ ራሱን ማሳመን እንዳልቻለ ጽፏል። እርስዎ ምን ይሉታል?

የኔታ፦ የሰውየውን ጭንቀት አልንቅበትም። እኔም ትናንት ሌሊት ተነሥቼ በባትሪ ብርሃን አየሁት፤ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ልቤ ተነካ፣ ገድዬ ላሳርፈው ብዬም ተነሣሁ፤ ከዚያ ነጩን ጎጆ አየሁና እጄ ተያዘ። በትርጓሜ ቤት አንድ ቃል ሲጸናብን አንድም እያልን እናወርደዋለን፤ ለበቆሎው ባለቤት ምሕረት ነው፣ አንድም ለተምቹ መቅሠፍት ነው፣ አንድም ለተርቢቱ የልጅ ማሳደጊያ ነው፤ አንዱ አንዱን አይሽረውም። ኢዮብ ስለ ሥቃዩ ምክንያት በጠየቀ ጊዜ ምክንያቱ አልተነገረውም፤ የተሰጠው መልስ ስለ ቁራ፣ ስለ ሰጎን፣ ጫጩቶቹም ደም ስለሚጠጡት ንስር ነበር። እኔ ይህን ስፍራ ለስድሳ ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ለምን መልሱ አራዊት እንደ ሆነ ግን እስከዚህ ጠርሙስ ድረስ እንዲህ አላስጨነቀኝም። መልስ ነው አልልህም። መልሱን የሚያሳጥርብኝን ሰው ግን አልቀበለውም።

እኔ፦ እኔን ደግሞ የሚያስጨንቀኝ የነገው ነው። ጎረቤቶችዎ መርዝ መርጨት ጀምረዋል። ተምቹ በበቆሎው እምብርት ተሸሽጎ በኵሱ ተከድኖ ሲተርፍ፣ በቅጠሉ ላይ የምትመላለሰው ተርብ ግን በመርዙ ታልቃለች። ቫይረሱን ራሱን አባዝቶ እንደ መድኃኒት መርጨትም ይቻላል፤ በሀገራችን ተምች ላይ በሚያድረው ቫይረስ በታንዛንያ ማሳ ላይ ተሞክሯል፣ ሰውንም ንብንም አይነካም። ነገር ግን ዛሬ ካወራነው በኋላ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ቫይረሱ የሚያሸንፈው ትንንሾቹን ተምቾች ነው፣ ተርቢቱም እንቁላሏን የምታኖረው በእነዚያው በትንንሾቹ ነው። አንዱን ረዳት ስንልክ የሌላውን ረዳት ልጆች እናቀልጣለን። ስለዚህ ከመርጨት በፊት ማሳውን ዞሮ ማየት፣ እንዲህ ያለ ነጭ ጎጆ በብዛት ከተገኘም ቢያንስ ከፊሉን ሳይረጩ መተው ይሻላል እላለሁ። ገበሬው ግን ቅጠሉ ሲበሳ እያየ ታገሥ ቢሉት ከባድ ነው፤ እህሉ የልጆቹ ነውና።

የኔታ፦ እኔን ብትለኝ እታገሣለሁ፤ እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ጥቂት እሸት ይበቃኛል። ጎረቤቴ ሰባት ልጅ አለው፤ ለእርሱ አንተው ነግረህ አስረዳው፣ ስትነግረውም ስለ መቶ ሚሊዮን ዓመቱ ሳይሆን ስለ ጎጆው ጀምርለት፣ ጠርሙሱንም አሳየው። አሁን ይህን ምን እናድርገው?

እኔ፦ ተርቢቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጎጆውን ቀድዳ ትወጣለች። ክዳኑን ከፍተው በበቆሎው መካከል በጥላ ቢያኖሩት የራሷን መንገድ ታውቃለች።

ይህን እንደ ሰሙ ፈጥነው ተነሡ፤ ወስፌውን ፈልገው የክዳኑን ቀዳዳዎች አሰፉ እንጂ ክዳኑን አልከፈቱም፤ «ጉንዳን ይቀድማታል» አሉ። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው በርጥቡ መሬት ላይ እየተንገዳገዱ በቆሎው ውስጥ ገቡ፣ እኔም ተከተልኋቸው። በሁለት አገዳዎች መካከል ካስቀመጡት በኋላ እንደ ልማዳቸው የአንዱን እምብርት ገለጥ አድርገው ሰጋቱራውን ጠረጉና ከውስጡ ጣት የማይሞላ ተምች አወጡ። በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው ግንባሩን አዩ።

«ይህችስ?» አሉኝ፣ «ይዛ ይሆን?»

«ከውጭ ሆኖ አይታወቅም የኔታ» አልኋቸው።

ተምቹ በመዳፋቸው መሥመር ላይ እየተጕተተ ወደ ጣታቸው ጫፍ ሲሄድ፣ ዝናቡም እንደገና ሲጀምር፣ እርሳቸው ገና ቆመው ያዩት ነበር።